የችሎት ድራማ የእኛ ነበር

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ፊልም አየሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ይጣላሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲዛዛቱ፣ ሲያለቅሱ፣ ታርቀው መልሰው ሲኳረፉ ቆይተው በመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሱ። አሁን ገና ተጀመረ ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ውሳኔ አነበቡ፣ እናትየዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ፊልሙ አለቀ። ወንድማማቾቹ ችሎት ፊት ቆመው አንድም ቃል አልተከራከሩም።

ከልቤ አዘንኩ። የድራማ ፊልም ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ የቤተሰብ፣ የታሪክ፣ የፍቅር፣ የፖለቲካ እየተባለ ይከፋፈላል። ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበን ግን የችሎት ድራማ ነው ብዬ አምናለሁ።

አባቶቻችን ሲሟገቱ እንዴት እንደነበር እናስታውስ። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ይሄዳሉ። መንገደኛውን ‹‹በሕግ አምላክ›› ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ ወደፊት እየተራመደ፣ ወደኋላ እየተመለሰ ‹‹በላ ልበልሃ›› ብሎ በግጥም ይከፍታል፤ ባላጋራው በግጥም ይመልስለታል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ከብቦ የቆመው ሰው ማን እውነት እንዳለው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳማረበትም ይፈርዳል። ልብስ፣ እንቅስቃሴ፣ ቃል፣ ተመልካች፣ የሚጠፋና የሚገኝ ነገር፤ ድራማ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ክርክሩ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ዘንጉም ከችሎት ወጣ። በእነዚህ በሁለቱ ሕጎች መካከል፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ለሕዝብ ታየ። ርእሱ ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› የሚል ነበር። ርእሱን ብቻ እንዲህ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ሲኒማችን በሙግት ቋንቋ አፉን ፈታ ማለት ይቻላል። ያንን ቋንቋ ይዞ አለመዝለቁ ነው የሚቆጨኝ።

የችሎት ድራማ ምሥጢሩ ቃል ሥራ የሚሠራበት መሆኑ ነው። በሌላው ድራማ ሰዎች የሆነውን ያወራሉ፤ በችሎት ግን ያወሩት ራሱ ይሆናል። አንድ ምስክር ‹‹አዎን፣ አይቻለሁ›› ካለ በኋላ ዓለሙ እንደነበረ አይቀጥልም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን ‹‹12ቱ ቁጡ ሰዎች›› ተመልከቱ፤ ከሕዝብ የተመረጡ 12 ፈራጆች በግድያ ስለተከሰሰ ወጣት የሚከራከሩበት ፊልም ነው። ርዝመቱ 96 ደቂቃ ሲሆን ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ሉሜት ካሜራውን መጀመሪያ ከዐይን ከፍ አድርጎ፣ መሐል ላይ በዐይን ልክ፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው፤ ሌንሶቹንም እያስረዘመ ሄደ። ስለዚህ ጣሪያው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይጠጋል፣ እኛም አብረን እንታፈናለን። በገንዘብ እጥረት የሚቸገሩ ፕሮዲውሰሮቻችን ይህን ልብ ቢሉልኝ እወዳለሁ፤ ቪላም መኪናም አላስፈለገውም፣ ጠረጴዛና ወንበር በቃው።

እንዳለ እንቅዳው ማለቴ ግን አይደለም። እኛ አገር ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርድ የዳኞች ጉባኤ የለም። ግን አውጫጭኝ ነበረን፤ አንዳንዱ አፈርሳታ ይለዋል። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ ጥፋተኛው ሲሰወር ያገሬው ሰው አንድ ቦታ ይከተታል። ያየም የሰማም እንዲናገር እየማለ ይጠየቃል። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ‹‹ወፍ ነገረችኝ›› ይላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳው የሁሉም ነው። ይህን ከሉሜት ክፍል ጋር ሳስተያየው የእኛው ይከብድብኛል። እነዚያ 12 ሰዎች የማይተዋወቁ ናቸው፤ ሲጨርሱ ሁለቱ ደረጃው ላይ ስማቸውን ተለዋውጠው ይለያያሉ፣ በቃ። አውጫጭኝ የተቀመጠው ሰው ግን የጠቆመውን ሰው በማግስቱ ሰንበቴ ላይ ያገኘዋል። የልጁ ክርስትና አባት ሊሆን ይችላል፤ በሬ ያቀናጀው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ግቢ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ፊት ላይ ካሜራ ቢያርፍ ምን እንደምናይ አስቡት።

የቀረበልን አንድ ምሳሌ አለ፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ‹‹ድፍረት››። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የዓለም ሲኒማ ድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። መነሻው አርሲ ውስጥ የተጠለፈችና ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። የፊልሙ ልጅ ስሟ ሂሩት መሆኑን ሳስብ ያቺ የ1957ቷ ሂሩት ትመጣብኛለች። ርእሱ ጀግንነትም መደፈርም ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል የያዘ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ብዙ ያለ አይመስለኝም። የሚበልጥብኝ ትዕይንት ከተማው ችሎት ውስጥ ያለው አይደለም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በየተራ የሚናገሩበት ነው። አይጮኹም፤ እንደ ክፉ ሰዎችም አልተሣሉም። ለእነሱ ሕግ ነው፣ በእርጋታ ይመዝናሉ። የሚያስፈራውም እርጋታቸው ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይታይ መደረጉም ይታወሳል።

ሲኒማ ምስል ነው፣ ክርክር ለሬዲዮ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ዴንማርካዊው ዳይሬክተር ካርል ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 የፈረንሳይዋን ጀግና የጃን ዳርክን ችሎት ሲሠራ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም። የ1431ዱን የችሎት መዝገብ ይዞ፣ የሴትየዋን ፊት ይዞ ሠራው፤ ዛሬም ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ዐይኑን አይነቅልም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ደግሞ ሞሪታኒያዊው ዳይሬክተር አብድራህማን ሲሳኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ‹‹ባማኮ›› በሚለው ፊልሙ የዓለም ባንክንና ዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት ማሊ ውስጥ ባለ የመኖሪያ ግቢ ከሰሳቸው። ጠበቆቹና ዳኞቹ የእውነት ናቸው። ክርክሩ እየተካሄደ ሴቶች ልብስ ያቀልማሉ፣ ሰርገኛ ያልፋል፣ አንድ ትዳር ይፈርሳል። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሊናገር ሲነሣ ተራው እንዳልሆነ ተነግሮት ይቀመጣል። ኋላ ላይ ይነሣና በራሱ ቋንቋ በዜማ ይሟገታል። ከግርጌ ትርጉም አልተጻፈለትም። ግቢው ጸጥ ይላል።

ያንን ሽማግሌ ባየሁት ቁጥር ዘንጉን ይዞ ‹‹በላ ልበልሃ›› የሚል የአገሬ ሰው ይታየኛል። ሙግቱን ከአባታቸው አፍ የሰሙ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። የፊልም ባለሙያዎቻችን ቀጣዩን የድራማ ጽሑፍ ከመጀመራቸው በፊት እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሄደው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ አንድ የመሬት ክርክር ከመክፈቻው እስከ ፍርዱ እንዲያወጡላቸው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። መቅረጫም ይያዙ፤ ዜማው በጽሑፍ አይያዝም።