ማስታወቂያውም ፓኬጅ ይበላል

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ እህቴ ቤት ነን። አቦሉ ወርዷል። እማዬ የእህቴን ልጅ ስልክ ይዛ በዩቲዩብ መዝሙር ትሰማለች። መሃል ላይ የብስኩት ማስታወቂያ ገባ።

«ዝለይው» አልኳት።

«ሰው እያወራ እንዴት ይዘለላል?»

ልጁ ከጓዳ እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ፓኬጄን ጨረሽው እኮ!»

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚያ ማስታወቂያ የሚበላው ጊዜ ነው። ኢንተርኔቱ በወር ስለሚከፈል ስንት ሜጋባይት እንደሄደ የሚቆጥር የለም። ለዓመታት ላፕቶፔ ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም ጭኜ በሰላም ኖርኩ። በ2023 ግን ዩቲዩብ አመረረ። «ማገጃውን አጥፋ ወይ ፕሪሚየም ግባ» የሚል ጽሑፍ ይደቀናል። ለአንዳንዱማ ከሦስት ቪዲዮ በኋላ እንደሚዘጋበት ይነገረው ነበር። ትንሽ ታገልኩና እጄን ሰጠሁ፤ እየከፈልኩ ያለ ማስታወቂያ ማየት ጀመርኩ። በዚያው ዓመት የፕሪሚየሙን የወር ክፍያ ከ11.99 ወደ 13.99 ዶላር አሳድገውት ነበር፤ ሽንፈቴም በውድ ሆነ።

ነገሩ እንደ አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነው። ከከፈልክ ትበራለህ። ካልከፈልክ በአሮጌው መንገድ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ፣ ከሲኖትራክ ኋላ ትጎተታለህ። በአሮጌው መንገድ የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ያንተው ነው። የእህቴ ልጅ የሚጓዘው በዚህኛው ነው። ብስኩቱን ለማየት የሚያልቀው ሜጋባይት የተገዛው በእሱ ብር ነው።

እሱ ድራማ የሚያየው ጥራቱን 144 ላይ አውርዶ ነው። ተዋናዩና ግድግዳው አይለዩም። ማስታወቂያ የሚቆርጥ አፕም ከቴሌግራም አውርዷል። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አፕ አካውንትህን አትክፈት ብዬ መከርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እሺ በምን ልክፈል?» አለኝ። ቴሌብር አለው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ግን የለውም። ቢኖረውስ? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 13.99 ዶላር ከሺህ ብር በላይ ነው። ምክሬን ዋጥኩ።

የማፍርበት ሌላ ነገር አለ። ዩቲዩብ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። አሜሪካ ያለ ተመልካች የሚያየው ማስታወቂያ ደግሞ በአብዛኛው አዳማ ያለው ከሚያየው የተሻለ ይከፍላል። እኔ ታዲያ የአንዲት ዩቲዩበር ቪዲዮ ኮመንት ላይ «ኮራንብሽ የሀገሬ ልጅ» እየጻፍኩ፣ በማገጃዬ የልጅቷን እንጀራ ስቆርጥ ነበር። አሁን ከፕሪሚየሙ ክፍያ ትንሽ ይደርሳታል።

እሷም ግን ንጹሕ አይደለችም። ከፍዬ እያየሁ፣ ወሬው ሲጥም ታቆምና «በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቻችን» ብላ አፓርታማ ትሸጥልኛለች። እሱን ፕሪሚየምም አያስቀረው። አራት ደቂቃ!

ማታ በቴሌብር ለልጁ ያልተገደበ የወር ፓኬጅ ገዛሁለት። ወዲያው ጥራቱን 720 ላይ አወጣው። እማዬ መዝሙሯን ቀጠለች። ያው ብስኩት መጣ። ማንም አልጮኸም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«ውይ፣ ለካ ኦቾሎኒ አለበት!»