ወንበሩ ቀድሞ፣ ሥልጠናው በክረምት

እኛ ዳያስፖራዎች ስንሰባሰብ «የአገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እኮ ካድሬ ነው» የምትል ፍርድ አትጠፋም። ሙሉ በሙሉ ውሸት ናት አልልም። ግን አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የእህቴ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከተመላለስኩ ወዲህ ችግሩ ሰዎቹ ወደ ወንበሩ የሚመጡበት መንገድ ሆኖ ታየኝ።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ርዕሰ መምህር ልሁን ያለ ሰው ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስተምራል፣ ማስተርሱን ይይዛል፣ የፈቃድ ፈተና ይፈተናል። በዚያ ላይ 320 ሰዓት በሌላ ርዕሰ መምህር ሥር ሆኖ ይለማመዳል። ልጄ ከጓደኛው ተጣልቶ በተጠራሁ ጊዜ አንድ የሒሳብ መምህር ጥግ ይዞ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ለካ የሚለማመደው ወላጅ ማናገርን ነው! የማስተርሱ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው፣ እሱን አልክድም።

የቱሉ ዲምቱው ዳይሬክተር ደግሞ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። «ጋሼ፣ ደብዳቤው ሐሙስ ደረሰኝ፤ ሰኞ ሰልፍ ላይ የምናገረው እኔ ነበርኩ» አለኝ። የአመራር ዲፕሎማውን የተማረው ከተሾመ በኋላ፣ በክረምት ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰ ነው።

እሱ ጋ በተቀመጥኩበት ጠዋት ውሃ አልመጣም። ለተማሪዎቹ ምግብ የሚያበስሉት የምገባ እናቶች ቁርሱን በምን እንሥራ ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። እሱ በአንድ ስልክ የቦቴውን ሾፌር ይለምናል፣ ሌላው ስልክ ከወረዳ ሪፖርት ይጠይቀዋል። በመልሶ ማልማት ከመሃል ከተማ ተነሥታ የመጣች እናት ደግሞ ለልጇ መሸኛ ሳትይዝ ቀርባለች። «መሸኛው ይደርሳል፣ ልጁ ዛሬ ይግባ» ብሎ አስገባላት። እውነቱን ለመናገር ቨርጂኒያ ውስጥ ያየኋቸው ርዕሰ መምህራን ይህን ጠዋት ይወጡታል ብዬ አልምልም። እዚያ ለውሃውም ለምግቡም ለምዝገባውም ሌላ ሰው አለ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ ዳይሬክተር ነበር። ክፍል ገብቶ መምህር የሚያይበትን ሰዓት ግን ቦቴው ወስዶበታል።

ወላጅ ሲመጣ የቱሉ ዲምቱው ዳይሬክተር አንዲት ጎበዝ የአማርኛ መምህርት አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ከእሱ በኋላ እሷ ብትሆን ደስ ይለዋል። እሷ አልፈለገችም። «ማታ ማታ ሁለት ቤት አስጠናለሁ፤ ዳይሬክተር ብሆን እሱ ይቀርብኛል፣ የኃላፊነት አበሉ ደግሞ አያካክሰውም» አለችኝ። ቨርጂኒያ መምህሩ ተበድሮ የሚማረው ደመወዙ ከፍ ስለሚልለት ነው። የእሷ ሒሳብ ተቃራኒ ሆኖ ወጣ፣ አልፈረድኩባትም።