ለአንድ መኸር የሚሰጥ ብድር አፈርን አያድንም

በነሐሴ ወር ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው የጉማራ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ወንዙን ይመልከት። ውኃው ደፍርሶ ብቻ ሳይሆን ወፍሮ ነው የሚፈሰው። ከጉና ተነሥቶ ፋርጣንና ደራን አቋርጦ ሲመጣ ተሸክሞ የሚወርደው የሰው እርሻ ነው፤ በዱቤ የተገዛው ማዳበሪያም አብሮት ይታጠባል። ርብም፣ መገጭም፣ ግልገል ዓባይም በዚሁ ወር ሥራቸው ይኸው ነው። ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር እንኳ የማይሞላው ጣና ይህን ሁሉ ይቀበላል፤ ደለሉ ዳርቻውን ይሞላዋል፣ ማዳበሪያው ደግሞ እምቦጭን ይቀልባል። በየዓመቱ ስለ እምቦጭ ስንጮህ ዓይናችን የሐይቁ ዳር ላይ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ላይ፣ ማሳው ውስጥ ነው።

የማሳውን አስተራረስ ስለ መለወጥ በተነሣ ቁጥር በባሕር ዳር የስብሰባ አዳራሾች የሚሰማው መልስ «አርሶ አደሩ ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚል ነው። ይህን አልቀበልም። የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሲደክምበት ግብጦ መዝራትን የተማረው ከባለሙያ አይደለም። ግብጦ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፣ አሲዳማ መሬትን ይችላል፣ ብዙ እርሻም አይፈልግም። ፍሬው መራራ ስለሆነ ተቆልቶ ለቀናት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ገበሬው አልተወውም። የፎገራ ገበሬ በሩዙ ማሳ ላይ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ዘጌ ደግሞ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ማረሻ አይገባበትም ሲባል የኖረ፣ ቡናውና ጌሾው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግበት ምድር ነው። አፈርን አለማራቆት፣ እርሻን መቀነስ፣ ሰብልን ማፈራረቅ ዛሬ «አፈርን የሚያድስ ግብርና» ተብለው ይምጡ እንጂ ለጣና ዙሪያ እንግዳ አይደሉም።

ችግሩ ወጪው ነው። አንድ ሄክታር መሬት ያላትን አንዲት እማወራ እናስብ። ገለባውን ማሳው ላይ ትተወው ብንላት፣ ገለባው የበሬዎቿ የበጋ መኖ ነው። እበቱን ለኮምፖስት አውዪው ብንላት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል። ከአጨዳ በኋላ መሬቱን የሚሸፍን ሰብል ብትዘራ የመንደሩ ከብት በልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። አፈሩ እንደ ሜጫ አካባቢ መሬት አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ኖራ ያስፈልጋል፤ ያም በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሆነ ማጓጓዣው ብቻውን ያደክማል። አፈሩ እስኪያገግም ምርቷ ለአንድ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል። ለመኖው፣ ለማገዶው፣ ለኖራው የምታወጣው ገንዘብ ዛሬ ይፈለጋል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ብድሩስ? የግብዓት ብድር የሚሰጠው ለክረምቱ ነው። የሚመለሰው እህሉ እንደተወቃ፣ ገበያው ሞልቶ ዋጋ በሚወድቅበት ሰሞን ነው። በቡድን ዋስትና ተበድራ ከሆነ እሷ ስታጣ ጎረቤቶቿ ይጠየቃሉ። በእንዲህ ያለ ብድር የሦስት ዓመት ለውጥ የሚጀምር ሰው ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ዩሪያውን ገዝቶ የለመደውን ያርሳል፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። የወይን ተክል እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ይህ ነው የሚባል ፍሬ አይሰጥም፤ ቡናም እንዲሁ። ለወይን ተካይ ያበደረ ባንክ በመጀመሪያው ዓመት ዘለላ አምጣ አይልም። ለአፈርም ይኸው ትዕግሥት ይገባዋል።

«ባንኩ ሥራው መሠራቱን በምን ያውቃል?» ለሚሉ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ደብተር እያንዳንዱን ማሳ በካርታ ለይቶ ያሳያል። ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ምስል ያነሣሉ፤ ምስሉ ለማንም በነፃ ይገኛል። የአንዱ ነጥብ ስፋት 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ በ25 ነጥቦች ይታያል። በክረምት ደመና ይጋርዳቸዋል፤ ማሳው ተሸፍኖ ወይስ ተራቁቶ መክረሙን ማወቅ የምንፈልገው ግን በበጋ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። የልማት ሠራተኛው ማሳው ድረስ ሄዶ በእጁ አፈር ማንሣቱ ግን አይቀርም፤ የአፈሩን ውስጥ ሳተላይት አይነግረንም።

ዋስትናው ላይ ሥጋት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ጥሩ በር ነው። ነገር ግን አፈሯን ለማዳን ብላ የምትበደር ሴት፣ ዝናብ ቢከዳት መሬቷን ከእጇ ልታጣ አይገባም። የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸከም የዋስትና ፈንድ ከብድሩ ቀድሞ መቋቋም አለበት።

ፈንዱን ማን ይሙላው? በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ተርባይኖቹን የሚያዞረው በጣና ውኃ ነው። የሕዳሴው ግድብም ከዓባይ ተፋሰስ የሚወርደውን ደለል ይቀበላል። ከሚሸጠው ኃይል ጥቂት ሳንቲም ተነሥቶ ላይኛው ማሳ ላይ ቢውል ለገበሬው ምጽዋት አይሆንም፤ የግድቡ የጥገና ወጪ ነው። የካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፍ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብም ይረዳል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ አገግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ የካርቦን ክፍያ አግኝተዋል። ያ ገንዘብ የሚመጣው ግን ዛፉ ካደገ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ክረምት አያሻግርም።

ጸደይ ባንክ ከቁጠባና ብድር ተቋምነት ያደገ፣ ገጠሩን የሚያውቅ ባንክ ነው። በመጪው ግንቦት፣ የግብዓት ብድር ሲሰጥ፣ በአንድ ወረዳ ብቻ ይጀምር፤ ሜጫ ቢሆን እመርጣለሁ። ብድሩ የአራት ዓመት ይሁን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋናው ገንዘብ አይጠየቅ፣ የቀበሌው የግጦሽ ደንብ ከውሉ ጋር አብሮ ይፈረም።