«ጃኬቱ ለፈረንጅ ነው»

ከጎርጎራ ገና አሁን ጎንደር ገባን። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ እርጥብ ነው፣ ሳልቀይር ነው የምጽፈው። ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የእማዬን ስለት ታውቁታላችሁ። ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ላለችው ናርጋ ሥላሴ ገዳም የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ፣ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ ስንል ከርመን፣ በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ትናንት በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርገን ጎርጎራ አደርን። ጀልባው ንጋት 12 ሰዓት ነው ተብለናል። 11 ተኩል ላይ ውሃው ዳር ነበርን። እማዬ ጃንጥላውን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

12 ሰዓት አለፈ። 1 ሆነ። 2 ሆነ። የእህል ጆንያ ተጫነ፣ ዶሮ ተጫነ። ሦስት ሰዓት ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ባለ ጀልባውን ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

«ሲሞላ።»

«12 ሰዓት አላላችሁም ነበር?»

«12 ሰዓት ኑ አልን እንጂ እንነሳለን መቼ አልን?»

እሺ። ዋጥኩት። መቀመጫው ሥር ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት በገመድ ታስሮ ተቆልሎ አየሁ። ቢያንስ ለእናቴ አንዱን ስጣት፣ ዋና አትችልም አልኩት።

«እሱ ለፈረንጅ ነው።»

«ምን?»

«ፈረንጅ ሲመጣ ነው የምናለብሰው። አንቺ መቼ ነው ፈረንጅ የሆንሽው?»

ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። ያቃጠለኝ እሱ ነው። የሳቁትም እኮ ጃኬት የላቸውም! አጠገቤ የነበረችው እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ነው የሳቀችው። እማዬ ነጠላዬን ጎትታ «ተይው ልጄ፣ አትናገሪው፣ ስለት ይዘን ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ዝም ማለቴ ራሱ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ልብስ ላመጣ ኢስታንቡል ሄጄ ከኤሚኖኑ ካዲኮይ በጀልባ ተሻግሬያለሁ። ከአውሮፓ ወደ እስያ፣ 20 ደቂቃ ገደማ። የመነሻው ሰዓት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ካርዴን ነካ አድርጌ ገባሁ። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ያለኝ የለም። አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው ሲመጡ ገመድ የሚያስረው ልጅ እጃቸውን ይዞ አሻገራቸው፣ ከዚያ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሰው ሻዩን ይጠጣል፣ ሲሚት የሚሉትን ዳቦ ለወፎቹ ይወረውራል። ጀልባው ግማሹ ባዶ ነበር። በሰዓቱ ተነሳ! ባዶውን! ያኔ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ እዚያ አልገባኝም ነበር፣ ዛሬ ገባኝ።

እነሱ ይህን የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ኢስታንቡልን ለሁለት በሚከፍለው በቦስፎር ውሃ ላይ የሚሠራው የጀልባ ኩባንያቸው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የኛው ካሳ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል ማለት ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የምትሉኝ አላችሁ። የኬንያዋ ሞምባሳ ሀብታም ናት? እዚያ ሊኮኒ የሚባለው መሻገሪያ ላይ እግረኛ በነጻ ነው በፌሪ የሚሻገረው። ደግሞስ በሰዓት መነሳት ስንት ብር ይፈጃል? ተገዝቶ የተቀመጠ ጃኬት ከገመድ መፍታት ዶላር ይፈልጋል?

ይቺ «ሲሞላ» የምትባል ቃል ዕድሜያችንን በላችው። ሚኒባሱ ሲሞላ። ከሞላ በኋላ ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ»። ባንክ ሄደን ሲስተም የለም፣ ቀበሌ ሄደን ኃላፊው ስብሰባ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ማህተም ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሁሉም ቦታ ጠብቁ። የኛ ጊዜ ጊዜ አይደለም?

ውሃው ላይ ግን መዘግየት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ይህን ባለ ጀልባው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እያወቀ ነው ሰው ሲጠብቅ፣ ሲያጭቅ የዋለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤምቪ ኔሬሬ የተባለችው የታንዛኒያ ፌሪ ከአቅሟ በላይ ጭና ወደቡ አፍ ላይ ስትደርስ ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው አልቋል። ወደቡ አፍ ላይ!

የተነሳነው 5 ተኩል ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ማዕበሉ ጀመረ። ውሃው በጎን እየገባ ጆንያውን አራሰው። ያ አራስ ልጅ ያለቅሳል። እማዬ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ጃንጥላውን ሸፈነችበት፣ እሷ ራሷ ስትበሰብስ። «ሥላሴ፣ ሥላሴ» ትላለች። ባለ ጀልባው አዙሮ መለሰን። መመለሱን አመሰግናለሁ፣ ነፍስ ነው። በ12 ሰዓት ተነስተን ቢሆን ግን ይኼኔ ደርሰን ነበር።

ወርጄ ብሬን መልስልኝ አልኩት።

«ሄደሽ ተመልሰሽ የለ እንዴ? እንዲያውም የደርሶ መልስ ነበር የሚከፈለው።»

በሥላሴ ስም፣ እንዲህ ነው ያለኝ። እናቴ ፊት፣ ከነጠላዋ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ የኛኑ የጎንደሩን ቁስቋም ያሠሩት። ሞተር በሌለበት ዘመን ያ ሁሉ ዕቃና ያ ሁሉ ሠራተኛ ውሃ ተሻግሯል። ጎንደርን የቆረቆሩት ፋሲልም የተቀበሩት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ እዚያው ጣና ላይ። እኛ አንድ ጃንጥላ ማሻገር አቃተን።

እማዬ «ሥላሴ ለዛሬ አልፈቀዱም» ብላ ተኝታለች። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ግን ከእሷ ጋር አልከራከርም። ጃንጥላው ሳሎን ተዘርግቷል፣ ከዘርፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ቀለሙ ትንሽ ለቋል። ጠዋት ስታየው ምን እንደምላት አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንሄዳለን ብላኛለች። ላይፍ ጃኬት የሚሸጥበት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሁለት እፈልጋለሁ። ለሕፃን የሚሆን ካለ ደግሞ ሦስት።