ከዊልያም ጋር የመጣው ቀጥቃጭ

እንግሊዝ አገር ስኖር የዚህን ሕዝብ ያህል የዘር ትዝታ ያለው አላየሁም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሲያምስ የሚውል ሰው፣ ምንጅላቱ በ1066 (በነሱው አቆጣጠር) ከፈረንሳይ ዳርቻ፣ ከኖርማንዲ እንደተሻገረ ግን አይጠፋበትም። ከማን ጋር? እንግሊዝን ወርሮ ከነገሠው ከድል አድራጊው ዊልያም ጋር ነዋ! በሌላ መርከብ የመጣ የለም። ሄስቲንግስ ላይ የተሸነፈው የእንግሊዙ ንጉሥ የሃሮልድ ሠራዊትማ መካን ሳይሆን አልቀረም፤ «እኔ የተሸናፊው የልጅ ልጅ ነኝ» የሚል እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የታሪክ ሰዎች መቼም ምቀኞች ናቸው። በዚያ ጦርነት ከዊልያም ጎን መሰለፋቸው በበቂ ማስረጃ የታወቀው በስም ሃያ ገደማ ናቸው ይላሉ። ጦርነቱ በተካሄደበት ቦታ በተሠራው ባትል ገዳም ነበረ የሚባለው የዘማቾቹ ስም መዝገብም ዋናው የለም፤ ቅጂዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ኋላ የተሰኩ ስሞችም አሉበት። ምን አለበት? ዘመድ ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ይባላል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ደግ አዛውንት ናቸው። ሻይ ሲጠሩኝ አስቀድመው የሚያሳዩኝ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዓርማ ነው፦ ቀይ አንበሳ፣ የብረት ቆብ፣ ከሥሩ እሳቸውም እኔም የማንችለው ላቲን፣ ከላይ በወርቅ ቀለም «ስሚዝ»። ለሽርሽር ሄደው ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የገዙት ነው። «ስምዎን ሲነግሩት ማሽኑ አትሞ ይሰጥዎታል» አሉኝ። አይስክሬሙና የቁልፍ መያዣው ሳይቀር በአንድ ደረሰኝ! ይህን የመሰለ ሹመት የትኛው ንጉሥ ሰጥቶ ያውቃል? ሪቻርድ ሦስተኛ በ1484 ያቋቋመው የለንደኑ የዓርማ ኮሌጅ፣ ዓርማ ለሰውየውና ለተወላጆቹ እንጂ ለስም አይሰጥም እያለ ይሟገታል። ማሽኑ ግን ሙግት አይወድም፤ እንግሊዝ ውስጥ ከሁሉ የበዛውን ስም ለያዘው ሕዝብ ሁሉ ያንኑ አንበሳ ያድላል።

ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው። ይህን ለጎረቤቴ መንገር ነውር መስሎኝ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ቀጥቃጭ መባል በሚያጣላበት አገር ያደግሁ ሰው ነኛ። ሌሎቹንም ስሞች ባገላብጥ ያው ሆኑብኝ፦ ታነር ቆዳ ፋቂ፣ ፖተር ሸክላ ሠሪ፣ ዌብስተር ሸማኔ። አፄ ምኒልክ «ባለሙያን አትስደቡ» ብለው አዋጅ ያስነገሩላቸው ሰዎች እዚህ ማዶ የስልክ ማውጫውን ሞልተውታል። ነገሩን ያመጣው የስም ድህነት ነው። ከዊልያም ወዲህ መንደሩ ሁሉ ወንድ ልጁን ጆን፣ ዊልያም፣ ሮበርት እያለ ሰየመ፤ ግብር ጸሐፊው የከፈለውን ጆን ካልከፈለው ጆን መለየት ነበረበት። ስለዚህ «ጆን ቀጥቃጩ»፣ «ጆን ኮረብታው ሥር ያለው»፣ «ጆን የሮበርት ልጅ» ተባለ። ያ ቅጥያ ቀስ በቀስ ለልጅ ልጅ ተላለፈ፤ መዶሻውን ግን የወረሰ የለም።

ማሽኑን ሳይጠብቁ ስማቸውን ራሳቸው ያሳመሩም አሉ። በ1862 አንድ ጆሹዋ ቡግ የተባለ ሰው «ከእንግዲህ ኖርፎክ ሃዋርድ በሉኝ» የሚል ማስታወቂያ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቡግ ትኋን ነው፤ ሃዋርድ ደግሞ የኖርፎክ መስፍኖች የቤተሰብ ስም። እሰየው፣ በአንድ ቀን ከፍራሽ ሥር ወደ አልጋው ራስጌ! የአገሩ ሰው ግን ተንኮለኛ ነው፤ ትኋኑን «ኖርፎክ ሃዋርድ» ይለው ጀመር።

በንጉሥ ያማረ በዜጋ ምን ነውር አለው? ጆርጅ አምስተኛ በ1917፣ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሳሉ፣ «ሳክስ ኮበርግ ጎታ» የሚለውን የጀርመን ስም አውልቀው ከአንድ ግንብ ላይ «ዊንዘር» የሚል አዲስ ስም አወረዱ። ግንቡን የመሠረተው ማን ነው? ዊልያም። ይኸው፣ ንጉሡም ዞረው ዞረው እዚያው መርከብ ላይ ወጡ።

እኛ መቼም ለዚህ አልታደልንም። የአያቴ ስም እዚህ ስመጣ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ተመዘገበ፤ ባለቤቴ በራሷ አያት ትጠራለች፤ ቅጽ በሞላን ቁጥር መጋባታችንን እንጠየቃለን። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው አዘኑልኝ። «አያትዎ ምን ነበሩ?»

«ገበሬ።»

ዝም አሉ። የሰው ሐዘን ስለከበደኝ ነው መሰል፣ ያን ዕለት አፌ አመለጠኝ፦ «የእርስዎም ስም ቀጥቃጭ ማለት ነው።» ደግሞም ቃሉ የኖርማኖቹ ሳይሆን የሃሮልድ ወገን ቋንቋ ነው ልል ስል፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ታዲያ የዊልያምን ፈረሶች ማን ጫማ የመታላቸው ይመስልዎታል?»

በሳምንቱ ሻይ ስንጠጣ፣ ከአንበሳው ሥር አዲስ የፈረስ ጫማ በምስማር ተመትቶ አየሁ። ዋጋው አሁንም ጀርባው ላይ ተለጥፏል።