ዘፋኙን እማ፣ ዘፈኑን አትንካ

ዘፋኝ ማማት በእኛ ሀገር ነውር አይደለም። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ ማን መኪና ቀየረ፣ ማን ወፈረ... ቡና ላይ ከፈንዲሻው ጋር አብሮ ይቀርባል። ዘፈኑ ላይ ግን እጅህን እንዳታነሳ። እስቲ "የእገሌ አዲሱ አልበም ብዙም አልጣመኝም" በልና የሚመጣብህን እይ።

መጀመሪያ ዝም ይሉሃል። ቀጥሎ ምርመራው ይጀመራል። "በደንብ ሰምተኸዋል?" ሰምቻለሁ። "በምን ሰማኸው? በስልክ ከሆነ አይገባህም።" በስፒከር ነው። "ግጥሙንስ አስተውለኸዋል? ሰም አለው፣ ወርቅ አለው።" አስተውያለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይመጣል፦

"ለመሆኑ አባትህ ከየት ናቸው?"

በዚህ በኩል ቴዲ አፍሮን የሚያህል የለም። በ2009 ዓ.ም. "ኢትዮጵያ" የተባለው አልበሙ ሲወጣ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ መርቷል። ያን ሰሞን ታክሲ ብትቀይር እንኳ ዘፈኑ አይቀየርም ነበር። የእኔ አቋም ቀላል ነው። ቴዲ ስለ ፍቅር ሲዘፍን ልቤን ይወስደዋል። ታሪክ ሲጀምር ግን የዘጠነኛ ክፍል አስተማሪዬ ትዝ ይሉኝና ደብተር አውጣ አውጣ ይለኛል።

ይህን በመናገሬ ወዳጆቹ ቢቆጡ አይገርምም። ያስደነገጡኝ የተደሰቱት ናቸው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰላም እንኳ ብሎኝ የማያውቅ ሰውዬ ማኪያቶ ካልጋበዝኩህ አለኝ። "ወንድሜ፣ አንተ እንኳ ነቅተሃል" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ስለ ነገሥታቱ ጀመረ። እኔ ስለ ዜማ ነው የማወራው፣ እሱ ስለ ዙፋን። "የለም፣ እኔ እንኳን የፍቅር ዘፈኖቹን..." ልል ስል "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ ጊዜው ነው እንዲህ የሚያስፈራህ" ይለኛል። ማኪያቶው ሲያልቅ ስሙን የማላውቀው ድርጅት ውስጥ ተመዝግቤ የወጣሁ መሰለኝ። ሂሳቡን ደግሞ የከፈለው እሱ ነው። አሁን በየት በኩል ነው የምወጣው?

ጥላሁን ገሠሠ ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ሀገር አልቅሷል፣ ይገባዋልም። ድምፁ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚገርመኝ አድናቂው ነው። "ከጥላሁን ወዲያ ዘፋኝ ላሳር!" ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድበውን ሰው እስቲ አምስት ዘፈኑን ጥራ በሉት። አራቱን ይጠራል። አምስተኛው የማሕሙድ አህመድ ይሆናል።

ሙላቱ አስታጥቄ ላይ ደግሞ የምንዋሸው ሌላ ዓይነት ውሸት ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ተቀምጦ ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ሲያዋህድ እኛ ወዴት እንደነበርን እኛው እናውቃለን። ፈረንሳዮች "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ አልበማቸው ቅጽ 4 ለዓለም አሰሙት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ሙዚቃውን ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ድሮም እንወደው ነበር። አሁን ቦሌ አካባቢ ካፌ ገብተህ የሙላቱን መሣሪያ፣ ቪብራፎንን፣ ሳትሰማ መውጣት ከባድ ነው። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ምቱን ግን ስቶ ነው የሚነቀንቀው።

ስለ ትዝታም አንድ ነገር አለኝ። አዲስ ዘፋኝ ሁሉ ትዝታ ካልጨመረ አልበሙ አልበም አይመስለውም። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ምን ትዝ ብሎት ነው? መዝፈኑን ይዝፈን፣ ግን ቢያንስ አንዴ ተከድቶ፣ አንዴም የቤት ኪራይ ተጨምሮበት ይምጣ።

አስቴር አወቀን አልነካም። እናቴ ይህን ታነባለች።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ሰው ፊት የማልደፍረው ሌላ አለ፦ የካሴት ዘመን ዘፈኖችን ስሰማ ጆሮዬ ዘፋኙ ጋ አይሄድም። ባስ ጊታሩ ጋ ነው የሚሄደው። ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ካሴቶች እስቲ አስቧቸው። ባሱ ላይ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ ላይ ሰላም ስዩም። ከፊት የሚቆመው ዘፋኝ ይቀያየራል፣ ከኋላ ያሉት ግን እነሱው ናቸው። ዜማው የአበበ መለሰ፣ ግጥሙ የይልማ ገብረአብ የሆነ ስንት ዘፈን አለ! ሽፋኑ ላይ ግን አገጩን በእጁ ደግፎ አበባ መሀል የሚቀመጠው ዘፋኙ ብቻ ነው። የሌሎቹ ስም ከጀርባ ነው፣ ያውም መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል። የቴዲን "አቡጊዳ" ያቀናበረው ኤልያስ መልካ መስከረም 2012 ሲሞት፣ "እንዴ፣ ይሄም የእሱ ሥራ ነው? ያም?" ያለው ሰው ብዛቱ! ስንት ዓመት ሙሉ በሥራው የጨፈረ ሰው ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው። እኔን ብትጠይቁኝ አንዳንዱ ዘፋኝ ያንን ባንድ ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ሠርግ ላይ እንኳ ማይክ የሚሰጠው አልነበረም። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። አንድ ማኪያቶ ይበቃኛል።

ይህን ነገር በቅርቡ ለአክስቴ ለማስረዳት ሞከርኩ። ካሴቶቻቸው ዛሬም ጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ቴፑም ይሠራል። አንዱን አጫወትኩና፣

"እትዬ፣ ዘፋኙን ለአፍታ ይተዉትና እስቲ ባሱን ይስሙት" አልኳቸው።

"ባስ ደግሞ የቱ ነው?"

"ያ ከሥር ከሥር ዱም ዱም የሚለው።"

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። ትንሽ አዳመጡ።

"ይሄ?"

"አዎ፣ እሱ።"

"ወይኔ ብሬ!" አሉ። "የስፒከሩ ችግር መስሎኝ ለጠጋኙ ስንቴ ከፍያለሁ መሰለህ!"