እናትን አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር

መስማት የተሳናት ልጅ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባት ፖሊስ ጣቢያ ስትቀርብ፣ መርማሪው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚያዞረው ወደ እናቷ ነው። ልጅቷ የምልክት ቋንቋ ካልተማረች ቤት ውስጥ የሚግባቡበትን ምልክት የምታውቀው እናት ብቻ ስለሆነች፣ ሌላ መንገድ ያለ አይመስልም። ሆኖም እናት በልጇ ላይ የተፈጸመውን በገዛ አፏ እንድትናገር ይፈረድባታል፤ ልጅቷም የእናቷ ፊት ሲለዋወጥ ስታይ እጇን ሰብስባ ዝም ትላለች። በኋላም ተከላካይ ጠበቃው ቃሉ የእናትየዋ እንጂ የልጅቷ አይደለም ብሎ ለመከራከር በር ይከፈትለታል።

በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ለወሲባዊ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ 2.9 እጥፍ፣ የአእምሮ ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ደግሞ 4.6 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ለፍትሕ ሥርዓታችን እንግዳ ሊሆኑ አይገባም።

መነሻ የሚሆን ነገር አለን። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና የሕግ አገልግሎት በአንድ ቦታ ይሰጣል። ለሕፃናት ተስማሚ በሆኑ ችሎቶችም ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ጥያቄው በሠለጠነ ባለሙያ በኩል እየደረሰው፣ ቃሉ በካሜራ ለዳኛው ይተላለፋል። የጎደለው ያ ባለሙያ የልጁን መግባቢያ ማወቁ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ የተመረቁ ወጣቶች አሉ፤ ከእነሱ ጎን መስማት የተሳነው አዋቂ ቢቀመጥ ደግሞ፣ እሱ ራሱ በቤት ምልክት ያደገ ሊሆን ስለሚችል፣ መስማት የሚችለው አስተርጓሚ የማያስተውለውን የእጅና የፊት እንቅስቃሴ ይረዳል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በፍትሕ ሂደት እንዲህ ያለ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል።

ቤተሰቡም ብቻውን መተው የለበትም። ተጠርጣሪው ጎረቤት ወይም ዘመድ በሆነ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ጉዳዩ በካሳ እንዲያልቅ ግፊቱ የሚበረታው በእናት ላይ ነው፤ ጉሊት ቸርቻሪ ከሆነች ደግሞ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር የዕለት ገቢዋ ይቀራል። ስለዚህ በየወረዳው የሚመደብ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ከመጀመሪያው የሕክምና ቀን አንሥቶ፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ከማስደረግ እስከ ፍርዱ ማግስት፣ የትራንስፖርት ወጪውን እያስሸፈነና ሽማግሌዎቹን ፊት ለፊት እያነጋገረ ከቤተሰቡ ጋር ሊቆም ይገባል።